1 ሴሬስ

ሴሬስ በማርስና በጁፒተር ምኅዋሮች መካከል ባለው ዋናው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ ትልቋና ከሁሉም አስቀድማ የተገኘችው አካል ናት። ያገኛት ጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ጁሴፔ ፒያዚ ሲሆን፣ ቦታው በሲሲሊ ደሴት የምትገኘው የፓሌርሞ ከተማ፣ ቀኑም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 (ታኅሣሥ 24 ቀን 1793 ዓ.ም.) ነበር። ስሟ የተወሰደው ከጥንት ሮማውያን የእህልና የመኸር አምላክ ነው። ዲያሜትሯ 940 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ፀሐይን በ4.6 ዓመት አንድ ጊዜ ትዞራለች። ከ2006 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ«ድንክ ፕላኔት»ነት መድቧታል።

ሴሬስ በተገኘች በስድስተኛው ሳምንት ከዕይታ ጠፍታ ነበር። ያየቻት አንድ መመልከቻ ብቻ ስለነበረችና የተለካው የመንገዷ ክፍል እጅግ አጭር ስለነበር፣ በዘመኑ የነበሩ ባለሙያዎች ወዴት እንደሄደች መናገር አልቻሉም። በዓመቱ መጨረሻ ዳግመኛ የተገኘችው የ24 ዓመቱ ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ በወረቀት ላይ ባሰላው ምኅዋር ነው። በዚህ ምክንያት የሴሬስ መገኘት በሥነ ፈለክም በሒሳብም ታሪክ ውስጥ ይጠቀሳል።

ከዚህ በታች ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከመገኘቷ በፊት

በ18ኛው ክፍለ ዘመን የፕላኔቶችን ርቀት በቅደም ተከተል ላስቀመጠ ሰው፣ ከማርስ እስከ ጁፒተር ያለው ክፍተት ከልክ በላይ ሰፊ ነበር። በ1766 ጀርመናዊው ዮሐን ቲቲየስ ለርቀቶቹ የሚሆን አንድ የቁጥር ሥርዓት አቀረበ፤ ከ1772 ወዲህ ደግሞ ዮሐን ኤለርት ቦደ በመጽሐፉ አስፋፋው። አሠራሩ ቀላል ነው። 0፣ 3፣ 6፣ 12፣ 24፣ 48፣ 96 ተብሎ ይጻፋል፤ በእያንዳንዱ ላይ 4 ይደመራል፤ ድምሩ ለ10 ይካፈላል። ውጤቱ 0.4፣ 0.7፣ 1.0፣ 1.6፣ 2.8፣ 5.2 እና 10.0 ይሆናል። መሬት ከፀሐይ ያላትን ርቀት 1 ካልነው (ይህ ርቀት 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን «የሥነ ፈለክ አሃድ» ይባላል) ሜርኩሪ በ0.39፣ ቬነስ በ0.72፣ ማርስ በ1.52፣ ጁፒተር በ5.20፣ ሳተርን በ9.54 ላይ ይገኛሉ። ከቁጥሮቹ ጋር በጣም ይቀራረባል። በ2.8 ላይ ግን የሚታወቅ ነገር አልነበረም።

ዊሊያም ኸርሸል በ1781 ዩራነስን ሲያገኝ ርቀቱ 19.2 ሆኖ ተለካ፤ በቲቲየስና ቦደ ሥርዓት የሚቀጥለው ቁጥር 19.6 ነው። ከዚያ በኋላ ብዙዎች በ2.8 ላይ የተደበቀ ፕላኔት መኖሩን ማመን ጀመሩ። ሥርዓቱ ዛሬ እንደ ተፈጥሮ ሕግ አይቆጠርም። በ1846 የተገኘው ኔፕቱን 38.8 ላይ መሆን ሲገባው 30.1 ላይ ሆኖ አፍርሶታል። ሰዎችን ለፍለጋ ያነሣሣው ግን እርሱ ነው።

በሴፕቴምበር 1800 በብሬመን አጠገብ ባለችው ሊሊየንታል ፍራንዝ ፎን ዛኽ፣ ሃይንሪኽ ኦልበርስና ጥቂት ባልደረቦቻቸው ተሰብስበው ሥራውን ለመከፋፈል ተስማሙ። ፕላኔቶች የሚጓዙበትን የሰማይ ቀበቶ በ24 ክፍል ቆረሱትና እያንዳንዱን ክፍል ለአንድ ተመልካች ለመስጠት ወሰኑ። ይህ ቡድን በኋላ በቀልድ መልክ «የሰማይ ፖሊስ» ተብሏል። ሊጋበዙ ከታሰቡት መካከል ፒያዚ አንዱ ነበር። ግብዣው ሳይደርሰው ግን የሚፈለገውን ነገር ሳይፈልግ አገኘው።

መገኘቷ

ፒያዚ በ1746 በሰሜን ጣሊያን በቫልተሊና ሸለቆ ተወለደ፤ የቴአቲን ማኅበር ቄስም ነበር። የሚሠራበት መመልከቻ በፓሌርሞ ቤተ መንግሥት ግንብ ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ዋና መሣሪያው የለንደኑ ባለሙያ ጄሲ ራምስደን በ1789 ሠርቶ የጨረሰው፣ 1.5 ሜትር ያህል ዲያሜትር ያለው የመለኪያ ክብ ነበር። መሣሪያው የአንድን ኮከብ ቦታ በትክክል ለማንበብ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የተሻለ ከሚባሉት አንዱ ነው። ፒያዚ የተያያዘው ሥራ ፕላኔት ፍለጋ ሳይሆን የከዋክብትን ቦታ የሚዘረዝር ካታሎግ ማዘጋጀት ነበር።

ለካታሎጉ ያወጣው አንድ ደንብ ነበረው፤ እያንዳንዱን ኮከብ በአንድ ሌሊት ብቻ ሳይሆን በተከታታይ ሌሊቶች ደጋግሞ ይለካል። ግኝቱን ያስገኘው ይህ ደንብ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ለክቶ የሚያልፍ ተመልካች ቢሆን ኖሮ ሴሬስን ተራ ኮከብ ብሎ መዝግቦ ወደሚቀጥለው በሄደ ነበር።

በጃንዋሪ 1 ምሽት ፒያዚ በታውረስ የከዋክብት ክምችት ውስጥ ፈረንሳዊው ላካይ ቀደም ሲል የመዘገበውን አንድ ኮከብ ሲፈልግ፣ በአካባቢው ሌላ ደብዛዛ ነጥብ አየና ቦታውን ጻፈ። በማግስቱ ሲለካው ነጥቡ ካለበት ትንሽ ፈቀቅ ብሏል። መጀመሪያ የመሰለው የራሱ ስሕተት ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ግን እንደገና ተንቀሳቅሶ አገኘው፤ ስለዚህ ኮከብ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ምዕራብ ይሄድ የነበረው ነጥብ በጃንዋሪ አጋማሽ ላይ ቆመና ዞሮ ወደ ምሥራቅ መሄድ ጀመረ። እንዲህ ያለው መመላለስ የሚታየው እኛ ራሳችን በምትንቀሳቀስ መሬት ላይ ሆነን ከኛ ውጪ ፀሐይን የሚዞር ነገር ስናይ ነው፤ ማርስና ጁፒተርም እንዲሁ ያደርጋሉ።

በጃንዋሪ 24 ፒያዚ ለሚላኑ ባልንጀራው ለባርናባ ኦሪያኒና በበርሊን ለቦደ ጻፈ። በይፋ ያለው «ጅራታም ኮከብ አግኝቻለሁ» ነው። ለኦሪያኒ ግን ነገሩ ጭጋግ የሌለው፣ እንቅስቃሴውም ዝግተኛና አንድ ወጥ በመሆኑ ከጅራታም ኮከብ የተሻለ ነገር ሊሆን እንደሚችል አልፎ አልፎ እንደሚታሰበው ገልጾለታል፤ ይህንን ግምት በአደባባይ ለመናገር አልደፈረም። ጦርነት በነበረበት አውሮፓ ደብዳቤዎቹ ከሲሲሊ ወጥተው ለመድረስ ሁለት ወር ያህል ፈጀባቸው። በዚያ መካከል ፒያዚ ታመመ። የመጨረሻው ልኬቱ የፌብሩዋሪ 11 ሆነ። በጠቅላላው 24 ጊዜ አይቷታል።

መጥፋቷና ዳግም መገኘቷ

ደብዳቤዎቹ ሲደርሱ ሴሬስ ከመሬት ሲታይ ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ተጠግታ በብርሃኗ ተሸፍና ነበር። ከፀሐይ ማዶ ወጥታ እንደገና በሌሊት ሰማይ የምትታየው ወራት ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ቴሌስኮፑን ወዴት ማዞር እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ከመመልከቻ ውጭ የማትታይና ከሺህ ደብዛዛ ከዋክብት የምትለይበት ምልክት የሌላት ነጥብ ናት፤ የምትታወቀው በመንቀሳቀሷ ብቻ ነው።

በእጅ የነበረው መረጃ ትንሽ ነው። ፒያዚ የለካት በ41 ቀናት ውስጥ ሲሆን፣ ይህ ከሙሉ ዙሯ 40ኛ እጅ ያህል ቢሆን ነው። በሰማይ ላይ የሄደችው መንገድ ደግሞ ሦስት ዲግሪ ያህል ነበር፤ ክንዱን የዘረጋ ሰው በሁለት ጣቱ ሊሸፍነው ይችላል። በዚህ ላይ ፒያዚ ዝርዝር ልኬቶቹን ለመልቀቅ ዘግይቷል። ምኅዋሩን ራሱ ማስላት ይፈልግ ስለነበር መጀመሪያ የላከው ጥቂት ቁጥር ብቻ ነው፤ ሙሉውን ለኦሪያኒ፣ ለቦደና በፓሪስ ለነበረው ለላላንድ የላከው በኤፕሪል ነው። በዚህም በዘመኑ ተወቅሷል። ልኬቶቹ ዛኽ በሚያዘጋጀው ወርኃዊ መጽሔት ላይ ታትመው ለሁሉም የደረሱት በሴፕቴምበር 1801 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የፍለጋው ወቅት ተጀምሮ ነበር።

ችግሩ ለምን ከባድ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። ፀሐይን የሚዞር አካል መንገዱ ኤሊፕስ የሚባለው ሞላላ ክብ ነው። አንድን እንዲህ ያለ ምኅዋር ሙሉ ለሙሉ ለመግለጽ ስድስት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ሁለቱ የሞላላውን ስፋትና ከክብነት የራቀበትን መጠን ይናገራሉ። ሁለቱ ምኅዋሩ ያረፈበት ገጽ ምን ያህልና ወዴት እንዳዘመመ ያሳያሉ። አንዱ ሞላላው በገጹ ላይ ወዴት አቅጣጫ እንደተኛ፣ የመጨረሻው ደግሞ አካሉ በአንድ በተወሰነ ሰዓት መንገዱ ላይ የት እንደነበረ ይነግራል። ተመልካች በአንድ ሌሊት የሚያገኘው ግን ሁለት ማዕዘኖችን፣ ማለትም አቅጣጫን ብቻ ነው። ነጥቡ ቅርብ ይሁን ሩቅ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ቢያንስ የሦስት ሌሊት ልኬት፣ ስድስት ማዕዘን፣ ያስፈልጋል።

ከጋውስ በፊት የነበሩ ሰዎች ችግሩን ለማቅለል መንገዱን አስቀድመው ይገምቱ ነበር። ለዩራነስ እንደተደረገው ምኅዋሩ ፍጹም ክብ ነው ቢባል የማይታወቁት ቁጥሮች ወደ አራት ዝቅ ይላሉ። ፒያዚ ራሱና ኦልበርስ በክብ አሰሉ፤ በፓሪስ ቡርክሃርት በሞላላ ሞከረ። ውጤቶቻቸው እርስ በርስ የማይስማሙ ሆኑ፤ ተመልካቾችም በተባሉት ቦታዎች ፈልገው አጡ።

ጋውስ በዚያን ጊዜ በብራውንሽቫይግ በመስፍኑ ድጎማ የሚኖር፣ በዚያው ዓመት የቁጥሮች ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉን ያሳተመ ወጣት ነበር፤ ቴሌስኮፕ የሚመለከት ሰው አልነበረም። የፒያዚን ቁጥሮች በመጽሔቱ ላይ ሲያገኝ ስለ ምኅዋሩ ቅርጽ ምንም ሳይገምት ለመሥራት ወሰነ። ከልኬቶቹ ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው አካባቢ ሦስቱን መረጠ። በሦስቱ ሌሊቶች መሬት የት እንደነበረች ይታወቃል፤ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ሴሬስ የሚሄደው መስመር አቅጣጫም ይታወቃል። የማይታወቀው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ሴሬስ ምን ያህል ርቃ እንደነበረች ነው። ሦስቱ ነጥቦች ግን እንዳሻቸው ሊሆኑ አይችሉም። ከፀሐይ ጋር በአንድ ገጽ ላይ መዋል አለባቸው፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜም ከኬፕለር ሕግ ጋር፣ ማለትም ከፀሐይ ወደ አካሉ የሚሰመረው መስመር በእኩል ጊዜ እኩል ስፋት ይጠርጋል ከሚለው ጋር፣ መስማማት ይኖርበታል። ጋውስ ከእነዚህ ሁኔታዎች በመነሣት በመጀመሪያ የመካከለኛውን ሌሊት ርቀት በግምት አገኘ። ከዚያ በግምቱ ምኅዋር ሠርቶ፣ ምኅዋሩን ከልኬቶቹ ጋር አስተያይቶ፣ ስሕተቱን ተጠቅሞ ግምቱን አሻሻለ። እንደገናም ይህንኑ ደገመ። ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ይህን አካሄድ ወዲያው ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ጋውስ ድግግሞሹን የሚሠራው በእጁና በሎጋሪዝም ሰንጠረዥ መሆኑ ነው።

ዛኽ የጋውስን ውጤት በመጽሔቱ የዲሴምበር እትም አወጣው። ጋውስ ያመለከተው ቦታ ሌሎቹ ካሉት በብዙ ዲግሪ ወደ ምሥራቅ የራቀ ነበር። ዛኽ በጎታ አጠገብ ባለው መመልከቻው በዲሴምበር 7 አንድ አጠራጣሪ ነጥብ አየ፤ ነገር ግን የክረምቱ ደመና ለሳምንታት ማረጋገጫ ከለከለው። በዲሴምበር 31 ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ነጥቡ መንቀሳቀሱን አረጋገጠ። ወዲያውኑ ኦልበርስም በብሬመን ለብቻው አገኛት። ፒያዚ መጀመሪያ ካያት ልክ አንድ ዓመት ሆኗል። ሴሬስ ያን ጊዜ በቪርጎ የከዋክብት ክምችት ውስጥ ነበረች፤ ጋውስ ካለው ቦታ የራቀችው በግማሽ ዲግሪ ያህል፣ ሙሉ ጨረቃ በሰማይ ላይ በምትይዘው ስፋት ነው።

ጋውስ በ1807 የጎቲንገን መመልከቻ ኃላፊ ሆነ። ዘዴውን አሻሽሎ ያሳተመው በ1809 ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ልኬቶችን በአንድ ላይ አስማምቶ ከሁሉም ጋር የሚቀራረብ መልስ ለማግኘት የሚያገለግለውን የአነስተኛ ካሬዎች ዘዴ አቀረበ። ፈረንሳዊው ለዣንድር ዘዴውን በ1805 አስቀድሞ አሳትሞት ስለነበርና ጋውስ ደግሞ ከ1795 ጀምሮ እጠቀምበታለሁ በማለቱ በሁለቱ መካከል መራራ ክርክር ተነሥቷል። ዛሬ ዘዴው ከመሬት ቅየሳ እስከ ማሽን ለርኒንግ ይሠራበታል። በነገራችን ላይ፣ ጋውስ በ1805 ገደማ የሌሎች አስትሮይዶችን ምኅዋር ሲያሰላ ድካሙን ለመቀነስ የፈጠረው ሌላ ዘዴ ዛሬ ድምፅና ምስል በኮምፒውተር በሚተነተንበት የፈጣን ፉሪየር ስሌት ውስጥ ያለው ነው። በሕይወቱ ሳለ አላሳተመውም፤ በ1866 ከሥራዎቹ ጋር ሲወጣም ልብ ያለው አልነበረም። ኩሊና ቱኪ በ1965 እንደ አዲስ አገኙት።

ስያሜዋ

ፒያዚ የሰጣት ሙሉ ስም «ሴሬስ ፈርዲናንዴያ» ነበር። ሴሬስ በሮማውያን እምነት የእህል አምላክ ስትሆን፣ ለሮም ስንዴ ታቀርብ የነበረችው ሲሲሊ እንደ ልዩ አገሯ ትቆጠር ነበር። ሁለተኛው ክፍል የፒያዚ ደጋፊ ለነበረው ለኔፕልስና ለሲሲሊ ንጉሥ ለፈርዲናንድ ክብር የተጨመረ ነው። ንጉሡ በበኩሉ የፒያዚ መልክ ያለበት የወርቅ ሜዳሊያ ሊያሠራለት ሲፈልግ፣ ፒያዚ ገንዘቡ ለአዲስ ቴሌስኮፕ መግዣ እንዲውል ለምኗል።

የንጉሡ ስም በሌሎች አገሮች ተቀባይነት አላገኘም። ቦደ «ጁኖ» እንድትባል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ በጀርመን ለአጭር ጊዜ «ሄራ» ተብላለች፤ ላላንድ ደግሞ ፕላኔትን በአግኚው ስም የመጥራት ልማድ ስለነበረው «ፒያዚ» ይላት ነበር። በመጨረሻ የጸናው አጭሩ «ሴሬስ» ነው። ግሪኮች የራሳቸውን የእህል አምላክ ስም ይዘው «ዲሚትራ» ይሏታል። ምልክቷ ማጭድ ነው። በ1803 በስዊድን በርዜሊየስና ሂሲንገር አዲስ ንጥረ ነገር ሲያገኙ ከሁለት ዓመት በፊት በተገኘችው ፕላኔት ስም «ሴሪየም» ብለው ሰየሙት፤ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የእህል ዘሮች የሚጠሩበት ቃልም ከዚሁ ስም የመጣ ነው።

በስሟ ፊት ያለው «1» የመገኘት ተራዋን ያመለክታል። አስትሮይዶች በቁጥር መጠራት የጀመሩት በ1850ዎቹ፣ ለእያንዳንዱ የሥዕል ምልክት ማውጣት አስቸጋሪ ሲሆን ነው። ዛሬ አንድ አዲስ አስትሮይድ ሲታይ መጀመሪያ የሚያገኘው ዓመቱንና በዓመቱ ውስጥ ያለውን ግማሽ ወር የሚያመለክት ጊዜያዊ መለያ ነው። ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ምኅዋሩ በአስተማማኝ ሁኔታ ከታወቀ በኋላ ሲሆን፣ አግኚው ስም የማቅረብ ዕድል የሚኖረው ያን ጊዜ ነው። ማለትም የታየ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ ሊገኝ የሚችል መሆን አለበት፤ ደንቡ ከሴሬስ ታሪክ ጋር ይገጥማል። 1000ኛው አስትሮይድ «ፒያዚያ»፣ 1001ኛው «ጋውሲያ» ተብለዋል።

ምኅዋሯ

ሴሬስ ከፀሐይ ያላት አማካይ ርቀት 2.77 የሥነ ፈለክ አሃድ ወይም 414 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ የቲቲየስና ቦደ ሥርዓት 2.8 ብሎ ነበር። ወደ ፀሐይ በጣም ስትቀርብ 2.55፣ በጣም ስትርቅ 2.98 አሃድ ላይ ትሆናለች። የፀሐይ ብርሃን እርሷ ዘንድ ለመድረስ 23 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ምኅዋሯ ከመሬት ምኅዋር ገጽ 10.6 ዲግሪ ያዘመመ ነው፤ ይህ ከስምንቱ ፕላኔቶች ከማንኛቸውም ይበልጣል።

የዙሯን ጊዜ ከርቀቷ ማግኘት ይቻላል። በኬፕለር ሦስተኛ ሕግ መሠረት ርቀቱ በአሃድ ተጽፎ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ የዓመቱ ቁጥር ሁለት ጊዜ በራሱ ከተባዛው ጋር እኩል ነው። 2.77 × 2.77 × 2.77 ወደ 21.25 ይመጣል፤ በራሱ ተባዝቶ 21.25 የሚሰጠው ቁጥር 4.61 ነው። ስለዚህ የሴሬስ አንድ ዓመት 4.61 የመሬት ዓመት፣ ወይም 1,682 ቀን ያህል ነው። ቀኗ ግን አጭር ነው፤ በዘንጓ ላይ የምትሽከረከረው በ9 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው።

መሬት በውስጠኛው መንገድ ፈጥና ስለምትሄድ ሴሬስን በየ467 ቀኑ ትደርስባታለች። በዚያ ሰሞን ሴሬስ ከፀሐይ ትይዩ ሆና ሌሊቱን ሙሉ ትታያለች። በዓይን ብቻ ለማየት ደብዛዛ ናት፤ ነገር ግን የከዋክብት ካርታ ይዞ በተራ ባይናኩላር ሊያገኛት ይቻላል። እርግጠኛ ለመሆን የፒያዚን መንገድ መከተል ነው፤ ቦታዋን ሥሎ በማግስቱ መመለስ።

ሞላላው ቋሚ አይደለም። የጁፒተር ስበት ሳያቋርጥ ስለሚጎትታት ስድስቱ ቁጥሮች በዝግታ ይለወጣሉ፤ በመሆኑም ምኅዋሯ በየጊዜው በአዲስ ልኬት ይታደሳል። የሴሬስ ስበት ራሱም ቀላል አይደለም። በ2011 ዣክ ላስካርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ስሌት፣ ሴሬስና ቬስታ እርስ በርሳቸው በሚቀራረቡባቸው ጊዜያት የሚፈጠረው መዛባት እየተባዛ ስለሚሄድ የመሬትን ምኅዋር ሞላላነት ወደኋላ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ ማስላት እንዳይቻል ያደርጋል።

ምደባዋ

በ1802 ጋውስና ጓደኞቹ አዲስ ፕላኔት አገኘን ብለው ብዙም ሳይቆዩ፣ በማርች 28 ኦልበርስ በተመሳሳይ ርቀት የምትዞር ሌላ አካል፣ ፓላስን፣ አገኘ። ኸርሸል ሁለቱን በትልቅ ቴሌስኮፑ ሲያይ ከነጥብነት አላለፉለትም፤ ስለዚህ በዚያው ዓመት በግሪክኛ «ኮከብ መሳይ» የሚል ትርጉም ያለውን «አስትሮይድ» የሚለውን ቃል አቀረበ። ለሴሬስ የገመተው ዲያሜትር 260 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከእውነተኛው ከሦስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ጁኖ በ1804፣ ቬስታ በ1807 ተከተሉ። ኦልበርስ እነዚህ ሁሉ የአንድ የፈነዳ ፕላኔት ስብርባሪዎች ናቸው ብሎ ነበር፤ ዛሬ ተቀባይነት ያለው ግን ከመጀመሪያውም ወደ አንድ ፕላኔት ያልተሰበሰቡ ቅሪቶች መሆናቸው ነው።

ሴሬስ ለግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል በትምህርት መጻሕፍት ፕላኔት ተብላ ተቆጠረች። ከ1845 በኋላ ግኝቶቹ ሲበዙ እርሷም ከፕላኔቶች ዝርዝር ወጥታ አስትሮይድ ሆነች። ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አስትሮይዶች የሚታወቁ ሲሆን፣ ከቀበቶው ጠቅላላ መጠነ ቁስ ሲሶ ያህሉን የያዘችው ሴሬስ ብቻዋን ናት። በኦገስት 24 ቀን 2006 ፕሉቶን ከፕላኔትነት ያወረደው ውሳኔ ሴሬስን አንድ ደረጃ ከፍ አደረጋት። በራሷ ስበት ክብ የሆነች በመሆኗ «ድንክ ፕላኔት» ተባለች። በዋናው ቀበቶ ውስጥ ይህን ማዕረግ የያዘችው እርሷ ብቻ ናት፤ ይህም አስትሮይድ መባሏን አላስቀረውም።

ዶን

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ዶን የተባለችውን መንኩራኩር በሴፕቴምበር 2007 አመጠቀ። ዶን ከ2011 እስከ 2012 ቬስታን ከዞረች በኋላ ጉዞዋን ቀጥላ በማርች 6 ቀን 2015 ወደ ሴሬስ ምኅዋር ገባች። ከመሬት ውጭ ሁለት አካላትን በየተራ የዞረች የመጀመሪያዋ መንኩራኩር ናት። ፒያዚ እንደ ነጥብ ያያት አካል የገጽ ስፋቷ ኢትዮጵያን ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል እንደሚሆን፣ በጉድጓዶች የተሸፈነች ጥቁር ዓለም እንደሆነችና ከሥሯ ብዙ በረዶ እንዳላት ታየ። ኦካቶር በተባለው ጉድጓድ ውስጥ የሚያበሩት ነጫጭ ቦታዎች በዋናነት ሶዲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ከውስጥ የወጣ ጨዋማ ውኃ ተንኖ ያስቀረው ነው ተብሎ ይታመናል። ለጉድጓዶቹ የሚሰጡት ስሞች ከልዩ ልዩ ሕዝቦች የእርሻ አማልክት የተወሰዱ ናቸው። ለምሳሌ ዳንቱ የጋና ነው። ብቸኛው ትልቅ ተራራ አሁና የተሰየመው በሕንድ ናጋላንድ በሚከበር የመኸር በዓል ነው።

ዶን አቅጣጫዋን የምታስተካክልበት ነዳጅ በማለቁ ሥራዋ በኖቬምበር 1 ቀን 2018 ተዘጋ። መንኩራኩሯ ሳትወድቅ ቢያንስ ለ20 ዓመት እንድትቆይ ሆና በመታቀዷ ዛሬም ድምፅ ሳትሰጥ ሴሬስን እየዞረች ትገኛለች።